ከአንድ የጄት ሞተር ሦስት ዓይነት ፓወር ወጣልን፤ ትክክሉ የቱ ነው?

ጠያቂ፦ የሳቢያን ልጅ፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁም። የሜካኒካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለፈተና አብረን የምናጠና ሦስት ጓደኛሞች በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ምሽት ሙሉ ተከራክረን መስማማት ስላቃተን፣ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንዲዳኘን ጉዳዩን ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። ክርክሩ የተካሄደው በሙቀቱ ምክንያት ደጅ ባነጠፍነው ምንጣፍ ላይ ስለነበር፣ አሁን ጎረቤቶቻችን ጭምር የሞተሩን ፓወር ለማወቅ እየጠበቁ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። አንድ አውሮፕላን በሴኮንድ 250 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበርራል። ሞተሩ በየሴኮንዱ 100 ኪሎ ግራም አየር ከፊት ያስገባል፤ ያንኑ አየር ከሞተሩ አንጻር ሲለካ በሴኮንድ 600 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይተፋዋል። የነዳጁ ክብደትና በጭስ መውጫው አፍ ላይ የሚኖረው የግፊት ልዩነት ለጊዜው ይተው ተብሏል። የሚፈለገው ሞተሩ የሚሰጠው ገፊ ኃይልና ፓወሩ ነው።

ገፊውን ኃይል፣ ትረስት የምንለውን፣ ለማግኘት አልተቸገርንም። አየሩ ሲገባ ከሞተሩ አንጻር ፍጥነቱ 250 ነው፤ ሲወጣ 600 ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም በሴኮንድ የ350 ሜትር ፍጥነት ተጨምሮለት ይወጣል። በየሴኮንዱ የሚያልፈው 100 ኪሎ ግራም ስለሆነ የሞመንተሙ፣ ማለትም የኪሎ ግራሙና የፍጥነቱ ብዜት፣ ለውጥ በሴኮንድ 100 × 350 = 35,000 ነው፤ ይህም 35 ኪሎ ኒውተን ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሦስታችንም አንድ ነን።

ጠቡ የተነሳው ፓወሩ ላይ ነው። አንደኛው ጓደኛዬ ፓወር ማለት ኃይል ሲባዛ በፍጥነት እንደሆነና የአውሮፕላኑ ፍጥነት 250 ስለሆነ መልሱ 35,000 × 250 = 8.75 ሜጋ ዋት ነው ብሎ ደብተሩን ከደነ። ሁለተኛው በበኩሉ ሞተሩ በእጁ ይዞ የሚገፋው አየሩን ስለሆነ፣ አየሩ ደግሞ በ600 ስለሚወጣ፣ 35,000 × 600 = 21 ሜጋ ዋት ነው አለ። እኔ ኃይሉን ወደ ጎን ትቼ አየሩ በየሴኮንዱ ያገኘውን የእንቅስቃሴ ኢነርጂ አሰላሁ፤ ከ600 ካሬ 250 ካሬ ተቀንሶ፣ በ100 ተባዝቶ፣ ለሁለት ሲካፈል 14.875 ሜጋ ዋት ሆነ። እንግዲህ አንድ ሞተር ይዘን ሦስት ፓወር ላይ ተቀምጠናል።

ከዚህ የባሰው ግን ሞተሩ መሬት ላይ ታስሮ ሲሞከር ምን ይሆናል የሚለው ነው። በመጀመሪያው ጓደኛዬ ስሌት ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ፓወሩም ዜሮ ይሆናል። ጆሮ እያደነቆረ ነዳጅ እንደ ውሃ የሚጠጣ ሞተር ፓወሩ ዜሮ ነው ሲባል ልቀበለው አልቻልኩም። የትኛችን ተሳስተናል?


ምላሽ፦ አሮጌው መካኒክ፣ ለገሃሬ

ልጄ፣ ከጠባችሁ ግማሹ የመጣው ከአማርኛችን ነው። መብራት ሲጠፋ ኃይል ተቋረጠ እንላለን፤ ከባድ ዕቃ የሚያነሳውን ሰው ኃይለኛ ነው እንላለን፤ ውሎ የደከመው ደግሞ ኃይሌ አለቀ ይላል። ሦስቱ በፊዚክስ ቋንቋ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ እኛ በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። ስለዚህ ከዚህ በታች ኃይል ስል በኒውተን የሚለካውን ብቻ፣ ኢነርጂ ስል በጁል የሚለካውን፣ ፓወር ስል ደግሞ ኢነርጂው በየሴኮንዱ ምን ያህል እንደሚተላለፍ የሚናገረውንና በዋት የሚለካውን ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ጓደኛህ 8.75 ትክክል ነው፤ ያንተ 14.875ም ትክክል ነው። የምትከራከሩት ለሁለት ጥያቄዎች የተሰጡ ሁለት መልሶችን እንደ አንድ ጥያቄ መልስ ስላያችኋቸው ነው። የእሱ ቁጥር አውሮፕላኑን ለማስኬድ በየሴኮንዱ የዋለው ኢነርጂ ስንት ነው ለሚለው መልስ ይሰጣል። ያንተ ቁጥር ደግሞ ሞተሩ በውስጡ ለሚያልፈው አየር በየሴኮንዱ ስንት ከፈለ ለሚለው ነው። ከፋዩ 14.875 አውጥቶ አውሮፕላኑ ዘንድ የደረሰው 8.75 ብቻ ከሆነ፣ የቀረው 6.125 ሜጋ ዋት የት ገባ ማለት ይገባሃል። መሬት ላይ ቆመህ አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ያለውን አየር ተመልከት። ከማለፉ በፊት ዝም ብሎ የቆመ አየር ነበር፤ አሁን ግን 600 ሲቀነስ 250፣ ማለትም በሴኮንድ 350 ሜትር ወደ ኋላ ይሮጣል። የዚህ አየር የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በየሴኮንዱ 100 × 350² ÷ 2 ሲሆን፣ ብታሰላው ልክ 6.125 ሜጋ ዋት ይመጣልሃል። ሳንቲም አልጎደለም።

መሬት ላይ ስለታሰረው ሞተር የጠየቅኸውን ደግሞ ደንገጎ ላይ ሳታየው አትቀርም። ወደ ሐረር የሚወጣ የሞላ ሚኒባስ ዳገቱ መሐል ሲቆም፣ አንዳንድ ሾፌር ፍሬን መያዝን ይንቅና ነዳጅ እየሰጠ በፍሪሲዮን ብቻ መኪናውን ባለበት ያንጠለጥለዋል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ነዳጁ ይቃጠላል፣ መኪናው ግን አንድ ስንዝር አይንቀሳቀስም። መኪናውን ወደ ላይ የሚደግፈው ኃይል እውነተኛ ኃይል ነው፤ ለመኪናው የተሠራው ሥራ ግን ዜሮ ነው። ፓወሩ የት እንደገባ ተሳፋሪው ሁሉ የሚያውቀው የተቃጠለው የፍሪሲዮን ሸራ ሲሸተው ነው። የታሰረው የጄት ሞተርም እንዲሁ ነው። በየሴኮንዱ 100 ኪሎ ግራም አየር ከቆመበት አንስቶ በ600 የሚተፋ ከሆነ ገፊ ኃይሉ 60 ኪሎ ኒውተን፣ ለአየሩ የሚከፍለው ፓወር ደግሞ 18 ሜጋ ዋት ነው፤ ይህ ሁሉ 18 ሜጋ ዋት ከኋላው በሚነፍሰው አየር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ዜሮ የሆነው የአውሮፕላኑ ድርሻ ነው፤ የሞተሩ ወጪ አይደለም።

የጄት ሞተር ሲሸጥና ሲገዛ በኒውተን የሚጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመኪና ሞተርን በፈረስ ጉልበት ብትነግረኝ በአንደኛ ማርሽም ሆነ በአራተኛ ያው ቁጥር ይሠራልኛል፤ የጄት ሞተርን ጠቃሚ ፓወር ብትጠይቀኝ ግን መጀመሪያ በምን ፍጥነት ሲበር ብዬ መልሼ ልጠይቅህ እገደዳለሁ።


ምላሽ፦ የኮንቬየሩ ሰው፣ ድሬዳዋ

ጋሼ፣ ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው አንቱታ አይገራለትም ይባላል፤ እኔ ግን ዛሬ እርስዎን በአክብሮት ለመቃወም እሞክራለሁ። ባለ 21 ሜጋ ዋቱን ልጅ ያለ ጠበቃ የተዉት መሰለኝ።

እኔ የምሠራው ጠጠር በሚያጓጉዝ ኮንቬየር ላይ ነው። ከላይ ካለው ማፍሰሻ በየሴኮንዱ 50 ኪሎ ግራም ጠጠር ይወርዳል እንበል፤ ቀበቶው በሴኮንድ 2 ሜትር ይሄዳል። ጠጠሩ ሲወርድ ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት ስለሌለው፣ ቀበቶው በየሴኮንዱ 50 × 2 = 100 ሞመንተም ሊሰጠው ግድ ነው፤ ስለዚህ የሚጎትተው ኃይል 100 ኒውተን ነው። ሞተራችን ለዚህ ብቻ የሚከፍለው ፓወር ኃይሉ በቀበቶው ፍጥነት ተባዝቶ 200 ዋት ነው። ይህን የምለው ከወረቀት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሞተሩን ጭነት እያየሁ ነው፤ ማፍሰሻው ሲከፈትና ሲዘጋ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። በእንቅስቃሴ ኢነርጂ ስሌት ብንሄድ ግን ጠጠሩ ያገኘው 50 × 2² ÷ 2 = 100 ዋት ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ የመጨረሻው ፍጥነት በኃይሉ የሚባዛ ከሆነ፣ በጄት ሞተሩ ላይ 600 የማይባዛበት ምክንያት ምንድን ነው?


ምላሽ፦ ከጁገል፣ ሐረር

የኮንቬየሩ ወንድማችን ያነሱት ጥያቄ በዚህ ርዕስ ላይ ሊነሱ ከሚችሉት ሁሉ የተሻለው ነው። የፈሳሾችን እንቅስቃሴ ሳስተምር ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሰናከሉት በዚሁ ቦታ ነው፤ የኮንቬየሩም ስሌት ትክክል ነው። የጎደለው 100 ዋት የት እንደገባ ግን በዓይንዎ የሚያዩት ነገር ነው። ጠጠሩ ቀበቶው ላይ እንደወደቀ ወዲያው አብሮ አይሄድም፤ ለአንድ አፍታ ባለበት ይንከባለላል፣ ቀበቶው ከሥሩ እየሾለከ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። በዚያች አጭር መንሸራተት ግማሹ ፓወር ወደ ሙቀትና ወደ ቀበቶው መበላት ይሄዳል። ማፍሰሻው ሥር ያለው ጎማ ከሌላው ቦታ ቀድሞ የሚሳሳው አንድም በጠጠሩ ምት፣ አንድም በዚሁ መንሸራተት ነው። የሚገርመው ነገር ጠጠሩ ቶሎ ቢያዝም ቀስ ብሎ ቢያዝም የሚባክነው ሁልጊዜ ግማሽ መሆኑ ነው።

እዚያ 2 በ100 የሚባዛው ገፊው አካል፣ ማለትም ቀበቶው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ2 ፍጥነት ስለሚሄድ ነው። በጄት ሞተሩ ውስጥ ግን በ600 እየሄደ አየሩን የሚጎትት ቀበቶ የለም። አየሩ በ250 ገብቶ በ600 ይወጣል፤ ስለዚህ በኃይሉ መባዛት ያለበት የሁለቱ አማካይ፣ 425 ነው። 35,000 × 425 ብታሰሉ 14.875 ሜጋ ዋት ታገኛላችሁ፤ የጠያቂው ወንድማችን መልስ ማለት ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የሁለት ካሬዎች ልዩነት የድምራቸውና የልዩነታቸው ብዜት ነው የሚለውን የዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ብታስታውሱ ከራሱ ይወጣል። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፤ አየሩ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ፍጥነቱን ከ250 ወደ 600 ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይሄዳል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም መግቢያው ላይ ዝግ ይላል፣ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ይታመቃል፣ ነዳጁ ሲቃጠል ይሞቃል፣ ኮምፕሬሰሩን ለሚያሽከረክረው ተርባይን ድርሻውን ይከፍላል፣ ፍጥነቱን በብዛት የሚያገኘው በመጨረሻ ኖዝሉ፣ ማለትም የጭስ መውጫው፣ ውስጥ ነው። አማካዩ የሚነግረን የመግቢያና የመውጫ ሒሳቡን ብቻ ነው።

የሞመንተም ዘዴ ውበቱም ይኸው ነው። ሞተሩን በምናብ በአንድ ትልቅ ሣጥን ትከባላችሁ፤ በሣጥኑ ግድግዳ በኩል ምን ገባ፣ ምን ወጣ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ፤ ውስጥ ስላለው የተርባይን ቅጠል ብዛት ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ዘዴው ከጄት ሞተር እጅግ የሚቀድም ነው፤ የስኮትላንዱ መሐንዲስ ራንኪን በ1865 የተጠቀመበት ለመርከብ ፕሮፔለር ነበር። ሁልጊዜ ግን ሣጥኑን ሳትስሉ ቁጥር አታስገቡ። የፊተኛው ግድግዳ ከሞተሩ በቂ ርቀት ላይ፣ የአየሩ ግፊት ገና ባልተነካበት ቦታ መሆን አለበት።

ጥያቄያችሁ እንዲተው ያዘዘው የግፊት ልዩነት በኋለኛው ግድግዳ በኩል ይመጣል። ብዙ ጊዜ ጭሱ ከኖዝሉ ሲወጣ ግፊቱ ከአካባቢው አየር ጋር ገና አልተስተካከለም። ለምሳሌ የመውጫው አፍ ስፋት 0.9 ካሬ ሜትር፣ ትርፉ ግፊት ደግሞ 5 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ 5,000 × 0.9 = 4,500 ኒውተን ገፊ ኃይል ይጨመራል። ከ35,000 ጋር ሲተያይ ይህ ከመቶ 13 ያህል ነው፤ የሚናቅ አይደለም። ይህን ስትጨምሩ ግን ፓወሩን በ600 ማስላታችሁን አቁሙ፤ አየሩ ከኖዝሉ ከወጣም በኋላ ትንሽ ስለሚለጠጥና ስለሚፈጥን የ600 ቁጥር ሙሉውን ታሪክ አይናገርም።


ምላሽ፦ የሳቢያን ልጅ

መምህርት፣ ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ባለ 21 ጓደኛዬ ለጊዜው ዝም ብሏል፤ የኮንቬየሩ ሰው ስለተከራከሩለት ግን ደስ ብሎታል።

ትናንት ማታ ነዳጁን ልጨምርበት ብዬ ሌላ ጣጣ አመጣሁ። በሴኮንድ 1.2 ኪሎ ግራም ነዳጅ ይቃጠላል አልኩ። እንግዲህ የሚወጣው 101.2፣ የሚገባው አየር 100 ነው። ገፊ ኃይሉ 101.2 × 600 ሲቀነስ 100 × 250፣ ማለትም 35,720 ኒውተን ሆነ። ለአውሮፕላኑ የሚደርሰው ፓወር 8.93 ሜጋ ዋት ነው። ወደ ኋላ በ350 የሚሮጠው ጭስ ይዞት የሚቀረው 6.1985 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 15.1285 ሜጋ ዋት ይሆናሉ። ሞተሩ ውስጥ ተቀምጬ የመውጫውን ኢነርጂ ከመግቢያው ስቀንስ ግን የማገኘው 15.091 ብቻ ነው። ልዩነቱ 37.5 ኪሎ ዋት ነው። ጋሼ ሳንቲም አልጎደለም ብለው ነበር፤ አሁን ግን የጎደለ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሳንቲም ተርፎብኛል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፤ የስሌት ስህተት አይመስለኝም።


ምላሽ፦ ከጁገል፣ ሐረር

የስሌት ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት ከቁብ ቆጥረህ መጠየቅህ አስደስቶኛል፤ ብዙ ሰው ቁጥር ሲቆረጥ የመጣ ልዩነት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። 1.2 በ250 ካሬ አባዝተህ ለሁለት አካፍለው።

37,500 ዋት መጣልህ አይደል? ነዳጁ በክንፉ ውስጥ ሆኖ ከአውሮፕላኑ ጋር በ250 ሲጓዝ ቆይቷል። መሬት ላይ ለቆመ ሰው ይህ ነዳጅ ገና ሳይቃጠል የእንቅስቃሴ ኢነርጂ አለው፤ ሲቃጠልና ወደ ኋላ ሲተፋ ያንን ኢነርጂ ለሒሳቡ ያስረክባል። በሞተሩ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን ነዳጁ የቆመ ስለሆነ ከዚህ በኩል የሚመጣ ነገር የለም። የመሬቱን ሰው ሒሳብ ስትሠራ በገቢው በኩል ይህን 37.5 ኪሎ ዋት መዝግብ፤ ሁለቱ ወገኖች ይገጥማሉ። ያንን ኢነርጂ ነዳጁ ያገኘው አውሮፕላኑ ሲነሳና ፍጥነት ሲይዝ ነው፤ ያኔ የተከፈለበት ነው። በአውሮፕላን ላይ ይህ ፍርፋሪ ነው፤ የተሸከመውን እየተፋ በሚሄድ ሮኬት ላይ ግን ዋናው የሒሳቡ ክፍል ይሆናል።

ነዳጁን ካነሳህ ዘንድ አንድ እርምጃ ጨምር። አንድ ኪሎ ግራም የጄት ነዳጅ ሲቃጠል 43 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል፤ 1.2 ኪሎ ግራም በሴኮንድ ማለት 51.6 ሜጋ ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ አየሩ እንቅስቃሴ የተለወጠው 15.091፣ ማለትም ከመቶ 29 ያህል ነው፤ የቀረው በትኩስ ጭስ መልክ ሄዷል። ከ15.091 ውስጥ ደግሞ አውሮፕላኑ የወሰደው 8.93 ነው፤ ከነዳጁ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 17 መሆኑ ነው። የሙቀቱን ብክነት ለመቀነስ ኮምፕሬሰሩንና የተርባይኑን ሙቀት ማሻሻል ያስፈልጋል፤ ያ የቴርሞዳይናሚክስ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ሁለተኛውን ብክነት ግን በሞመንተም ብቻ ልናየው እንችላለን፤ እሱን ለጋሼ እተወዋለሁ።


ምላሽ፦ አሮጌው መካኒክ፣ ለገሃሬ

እተወዋለሁ ካልሽ እቀበላለሁ፣ መምህርት።

ገፊ ኃይል የሚመጣው ከአየሩ መጠንና ከፍጥነት ጭማሪው ብዜት ነው፤ ወጪው የሚመጣው ግን ከፍጥነቱ ካሬ ነው። ስለዚህ ያንኑ 35 ኪሎ ኒውተን ለማግኘት ትንሽ አየር ይዞ በጣም ከማስፈንጠር ብዙ አየር ይዞ ቀስ ብሎ መግፋት ይረክሳል። ያንተን ሞተር ተውና በየሴኮንዱ 350 ኪሎ ግራም አየር የሚያሳልፍ ሌላ ሞተር አስብ፤ መውጫው ላይ ፍጥነቱ 350 ብቻ ይሁን። 350 × 100 = 35,000፤ ኃይሉ ያው ነው፣ ለአውሮፕላኑ የሚደርሰው 8.75 ሜጋ ዋትም ያው ነው። ለአየሩ የሚከፈለው ግን ከ14.875 ወደ 10.5 ሜጋ ዋት ይወርዳል። ከመቶ 59 የነበረው ብቃት ከመቶ 83 ሆነ ማለት ነው። የዛሬዎቹ ሞተሮች ፊታቸው ላይ ያን የሚያህል ፋን የተሸከሙት ለዚህ ነው። በቦይንግ 737-800 ሞተር በማቃጠያው ሳያልፍ በዙሪያው የሚሄደው አየር በማቃጠያው ከሚያልፈው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው፤ በ787 ሞተሮች ደግሞ ከዚህም እጅግ ይበልጣል።

ነገሩን በዓይን ለማየት ግን ወደ ድሬ የሚመላለሰውን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ኪው 400ን፣ መመልከት ይበቃል። እያንዳንዱ ሞተሩ ሲነሳ 3.8 ሜጋ ዋት ያህል ይሰጣል፤ ባለ ስድስት ቅጠሉ ፕሮፔለር ዲያሜትሩ 4.1 ሜትር ገደማ፣ የሚጠርገው ስፋት 13.2 ካሬ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ የራንኪን ዘዴ ፕሮፔለሩ በየሴኮንዱ 690 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይዞ በ105 ሜትር በሴኮንድ ወደ ኋላ እንደሚሰድ ያሳያል። ብዜቱ 72 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። ይህ ምንም ብክነት የሌለበት ፕሮፔለር የሚሰጠው ጣሪያ ነው፤ እውነተኛው ቅጠል አየሩን ስለሚያሽከረክርና ስለሚታገለው ከዚህ ዝቅ ይላል። ቢሆንም ከላይ ካሰርነው ጄት ጋር አስተያየው፤ ያ ለ60 ኪሎ ኒውተን 18 ሜጋ ዋት ከፍሏል፤ ይህ ለ72 የከፈለው 3.8 ነው። ፕሮፔለር እንዲህ ከረከሰ ሁሉም ለምን ፕሮፔለር አልገጠመም እንዳትለኝ። አየሩን በ105 የሚተፋ ነገር በ250 በሚበር አውሮፕላን ላይ ምንም አይገፋም፤ አየሩን ከ250 በላይ ሊያደርሰው ሲሞክር ደግሞ የቅጠሎቹ ጫፍ የድምፅን ፍጥነት ያልፍና ሌላ ብክነት ይመጣል።


ምላሽ፦ የኮንቬየሩ ሰው፣ ድሬዳዋ

ጋሼ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ግራም ይመዝን ያሉት ለስሌቱ ቅለት ነው ወይስ የእኛ አየር በእርግጥ ያን ያህል ነው? በግንቦት ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ሲንቀለቀል እያየሁ፣ በዚህ ሙቀት አየሩ ስለሚሳሳ ከድሬ መነሳት ከቦሌ መነሳት ይከብዳል ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ። ከቦሌው ብርድ ጋር እንዴት ይወዳደራል?


ምላሽ፦ አሮጌው መካኒክ፣ ለገሃሬ

ለቅለትም ነው፣ እውነትም ነው። የድሬ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት 88 ኪሎ ፓስካል ያህል ይሆናል። በ35 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.0 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በባሕር ጠለል በ15 ዲግሪ 1.225 ስለሚመዝን፣ አዎ፣ ከመቶ 18 ያህል ሳስቷል። ቦሌ ግን 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ በ20 ዲግሪ እንኳ ሚዛኑ 0.91 ነው። ስለዚህ በአየሩ ክብደት ብቻ ከሄድን የምንፈራው የድሬ ሙቀት በቦሌ ከፍታ ይሸነፋል፤ በዚያው ቀን ቦሌ ላይ ያለው አየር ከእኛው የቀለለ ነው።

ይህ ማለት ግን ሙቀቱ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። የብዙ መንገደኛ አውሮፕላን ሞተሮች ለከፍታው ከተመደበው መደበኛ ሙቀት በ15 ዲግሪ ያህል እስኪበልጥ ድረስ የተወሰነውን ገፊ ኃይል ሳይቀንሱ ይሰጣሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ተርባይኑ እንዳይቃጠል ነዳጁ ይቀነሳል፣ ኃይሉም ይወርዳል። ለድሬ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 7.5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወሰኑ እንግዲህ 22 ወይም 23 ላይ ያበቃል ማለት ነው። በ35 ዲግሪ ያን ወሰን በ12 አልፈነዋል። ቦሌ ላይ መደበኛው ሙቀት ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ወሰኑም 15 አካባቢ ነው፤ 20 ዲግሪ ሲሆን ያለፈው በ5 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ስታወዳድር የአየሩን ሚዛንና ይህን ወሰን ለየብቻ መዝግብ።


ምላሽ፦ የሳቢያን ልጅ

37.5 ኪሎ ዋቱን በገቢው በኩል አስገብቼ ሁለቱም ወገን 15.1285 ላይ ገጠመልኝ። ባለ 21 ጓደኛዬ ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ መጥቷል፤ አየሩን በ105 የሚተፋው ፕሮፔለር አውሮፕላኑ በሴኮንድ 60 ሜትር ላይ ሆኖ ከመሬት ሲነሳ፣ ፓወሩ ያው 3.8 ሜጋ ዋት ከሆነ፣ ገፊ ኃይሉ ስንት ይቀራል ይላል። ሣጥኑን ስለን ጀምረናል።